ባላባት አንጁሎ ስለ ራሴ አልናገርም ያሉ ጊዜ

ዛሬ ምርጫ በደረሰ ቁጥር ግድግዳው ሁሉ የሰው ፊት ይሆናል። አንዱ እጩ ከስልክ እንጨት ላይ ሆኖ ይስቅብኛል፣ ሌላው ከዳቦ ቤቱ በር ላይ። ከፎቶግራፉ ሥር የተማረው፣ የሠራው፣ ያሰበው፣ ወደፊትም ሊያስብ ያሰበው ሁሉ ተዘርዝሯል። ራሱ ስለ ራሱ ነው የሚጽፈው፤ ሲጽፍም እጁ አይንቀጠቀጥም። እኔ ሽማግሌው ከዘራዬን ተደግፌ አነብና ሳቄ ይመጣል። ሳቄ ሲያልቅ ደግሞ ሆዴ ይባባል፤ በዚህ በሶዶ ምድር የእጩ ታሪክ እንዲጽፍ መጀመሪያ የታዘዘው ጸሐፊ እኔ ነበርኩና። "የለም፣ አንተ አልነበርክም" የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። እኩዮቼ ሁሉ ስላለቁ የሚረታኝ አይገኝም።

ጊዜው ሕገ መንግሥት የሚባል ነገር ወጣ ከተባለ ብዙም ያልቆየበት፣ ጣሊያንም ገና ያልመጣበት ነው። ሶዶ ያን ጊዜ ከዳሞታ ተራራ ሥር ጋደም ያለች፣ ሁሉም ሁሉን የሚያውቅባት ከተማ ነበረች። ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ከጥቂት ሹማምንት በቀር ማንም ስላልነበረው፣ ዝናብ ሲጥል እኛ ጎረምሶቹ የራሳችንን ሣር ቤት ትተን ድምፁን ለመስማት ከሰው ደጃፍ እንጠለል ነበር። አሁን ሁሉም ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡንም የሚሰማው የለም። ወይ ጊዜ!

ከየአገሩ ሰው እየተመረጠ አዲስ አበባ ምክር ቤት ይግባ ተባለ። የሚመርጠው እንደ አሁኑ ሕዝቡ አይደለም፤ መኳንንቱና የአገሩ ሹማምንት ናቸው። አለቃችን ቀኛዝማች (ስማቸውን ልተወው፣ የልጅ ልጆቻቸው ጎረቤቶቼ ናቸው) አስጠሩኝና ከፊታቸው አቆሙኝ።

"ከኦፋ በኩል አንጁሎ የሚባል ባላባት አለ። ለምክር ቤቱ ያስቡታል። እኔ ሰውየውን አላውቀውም" አሉ። "ሄደህ ትውልዱን፣ ሥራውን፣ አሳቡን ጽፈህ አምጣልኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኳንንቱ ፊት ይነበባል።"

"እሺ ጌታዬ።"

"ጽሑፍህ ካማረና ሰውየው ከተመረጠ፣ ጸሐፊና አስተርጓሚው ሆነህ አዲስ አበባ ትሄዳለህ።"

አዲስ አበባ! ያኔ የሶዶ ልጅ አዲስ አበባን የሚያውቃት በወሬ ነው። መብራት ያለ ዘይት ይበራል ይባላል፣ ሰው በብረት ሠረገላ ይሄዳል ይባላል። እኔ የንጉሥ ወታደር ሆነው ከሰሜን የመጡ አባት ልጅ ብሆንም፣ ተወልጄ ያደግኩት ሶዶ ነው። ወላይትኛን ከሰፈር ልጆች ጋር ጭቃ እያቦካሁ፣ ፊደልን ከመሪጌታ ዘንድ እየተገረፍኩ ነው የተማርኩት። ከዚያ ወዲያ የትም አልሄድኩም። ለእናቴ የነገርኳት በጆሮዋ ነበር። እሷ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነገረችና ያ ሰው መላው ሶዶ ሆነ። በማግስቱ መሪጌታ መነጽር አዘዙኝ። የአባቴ ጓደኛ አንድ የሞተ ሰዓት ሰጥተው "አስነሣልኝ" አሉኝ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ደግሞ "እኔ ዕቃ አልፈልግም፤ የባቡሩን ጩኸት በደንብ ሰምተህ መጥተህ አሰማኝ" አለችኝ። እንግዲህ የሰውየውን ፊት እንኳ ሳላይ የከተማው ሁሉ ባለዕዳ ሆንኩ።

የተሰጠኝ በቅሎ የንስሐ አባታችን በቅሎ ነበረች። ይህን ብቻ ስነግራችሁ መከራዬ ይገባችኋል። ደጃፍ ባየች ቁጥር የንስሐ ልጅ ቤት እየመሰላት ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሰው ወጥቶ ሰላም ካላለን፣ ስለ ጤናችን ካልተጠየቅን አንድ እርምጃ አትራመድም። በኦፋ ወዳለችው ገሱባ በሚወስደው መንገድ ያለ ቤት ሁሉ ሰላም ብሎኛል። ስደርስ ረቡዕ ነበር፤ ጉሮሮዬም "ሳሮ፣ ሳሮ" ከማለት ብዛት ደርቆ ነበር። ሳሮ የወላይታ ሰው የሰላምታ ቃል ነው።

ባላባት አንጁሎ አጥር ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርሳቸውን ከማሳየት ዓይናቸውን ማሳየት የሚወዱ ሰው ናቸው። የላኩኝን ነገርኳቸው። "ግባ" አሉኝ። በእንሰት ከተከበበው ትልቅ ቤታቸው ገብቼ ገና አረፍ ከማለቴ ባለቤታቸው፣ የቶማ እናት ይሏታል፣ በቅቤ የራሰ ቆጮ አምጥታ ከፊቴ አኖረች። ቅቤው በዳር በዳሩ ይፈስሳል። ምራቄን ዋጥኩ።

"ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ጾመኛ ነኝ" አልኩ።

ሴትዮዋ ባሏን አየች፣ ባሏ እኔን አዩኝ። በዚያ አገር ቤት ገብቶ እህል እምቢ የሚል ሰው ወይ ታሟል ወይ ከቤቱ ጋር ነገር አለው። ደግሞ እኔ መታመሜን የሚያሳይ ሰውነት አልነበረኝም፤ ያን ጊዜ ጉንጬ ራሱን የቻለ ነበር።

"እህላችንን ያልቀመሰ ሰው ስለ እኛ ምን ብሎ ይጽፋል?" አለች የቶማ እናት፣ ሰሃኑን መልሳ እያነሳች።

ነገሩን ላሳምር ብዬ ወረቀቴን ዘረጋሁ፣ ቀለሜን ከፈትኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ "በሉ ጌታዬ፣ ስለ ራስዎ ይንገሩኝ" አልኩ።

እሳቱ ተንጣጣ። ሰውየው በአፍረት ፊታቸው ጠቆረ። ቆይቼ ነው የገባኝ፤ በሰው ፊት ልብስዎን ያውልቁ ያልኳቸው ያህል ነበር።

"ይህች በቅሎ ስለ ራሷ ነግራሃለች?" አሉኝ በመጨረሻ በበሩ አሻግረው እያዩ።

"ኧረ አልነገረችኝም።"

"ታዲያ ደጃፍ ባየች ቁጥር እንደምትቆም በምን አወቅህ? ስትመጣ ከዚህ ሆኜ አይቼሃለሁ።"

"አብሬያት መንገድ ስለሄድኩ ነዋ!"

"እንግዲያስ እኔንም አብረውኝ የሄዱትን ጠይቅ። ሰው ስለ ራሱ ምን አፍ አለው? ነገ ዱቡሻ ይጠራል።"

ዱቡሻ አገር የሚመክርበትና የሚፈርድበት መስክ ነው፤ ከትልቅ ዛፍ ሥር ሣሩ በሰው መቀመጫ ብዛት የተኛ። እኔ ሁለት ሽማግሌ መጥተው "ደግ ሰው ነው፣ ደግ ሰው ነው" ብለውኝ የምመለስ መስሎኝ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ያን በቅቤ የራሰ ቆጮ የትናንቱን ጨምሬ በልቼ፣ ከንፈሬ እያብረቀረቀ ብወጣ፣ መስኩ ጢም ብሏል። ባላባቱን የሚወድ መጥቷል፣ የሚጠላ መጥቷል፣ ከባላባቱ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው ደግሞ ጸሐፊ እንዴት እንደሚጽፍ ለማየት መጥቷል።

መጀመሪያ የተነሱት ሽማግሌ ስለ ባላባቱ አያት ጀመሩ። "አንድ ወረቀት ብቻ ነው የያዝኩት፤ ወደ ባላባቱ እንለፍ" ብል ማን ሰምቶኝ! በዱቡሻ የቆመ ሰው ሳይጨርስ አይነካም። አያትየው ጋብቻ ፈጸሙ፣ ከብት አረቡ፣ ታመሙ፣ ዳኑ፣ ኧረ በስንት መከራ አረፉ። ደግሞ ሰዎቹ ፊደል ባያውቁም ብዕሬን እንደ ጭልፊት ይጠብቃሉ። ብዕሩ ከቆመ ተናጋሪው ይቆምና "አልጻፈም!" ይላል። መስኩ ሁሉ ተቀብሎ "አልጻፈም!" ይላል። ስለዚህ የማይጻፈው ነገር ሲመጣ ወረቀቱ ላይ የእንሰት ቅጠል እሥል ጀመር። ጥሩ ጥሩ ቅጠሎች ነበሩ።

ወደ አባትየው ሲደረስ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አባቱ አገራችን በተያዘችበት ጦርነት ሞተ። ይህን ልጅ አክስቱ አሳደገችው" አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አባቴ በየትኛው ወገን እንደነበሩ የማያውቅ በዚያ አልነበረም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ላቤ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ከጠዋት ጀምሮ አፋቸውን ያልከፈቱት ባላባት አንጁሎ ያኔ ቀና ብለው፣ "ጻፈውና እለፍ፣ ልጄ" አሉኝ። ጻፍኩት። እዚያ ቦታ ላይ ቅጠል አልሣልኩም።

ከዚያ ዳልኬ የሚባል ጎረቤታቸው ተነሳ። ዳልኬ ለመማረር የተፈጠረ ሰው ነው። "የባላባቱ በሬ እንሰቴን በልቷል! አጥሬን ጥሷል! ስከስስ ደግሞ ዳኛው ራሱ ባላባቱ ሆነና ረትተሃል ብሎ ፈረደልኝ፤ ካሣውን ሰጠኝ፤ በሬው ግን በሳምንቱ ተመልሶ መጣ! ፍርዱን በሬው አልሰማም!" መስኩ በሳቅ ተንከተከተ። ሌላው ተነስቶ፣ ባላባቱ ለልቅሶ ቀድሞ ደርሶ ለሰርግ ያረፍዳል አለ። አንዷ፣ ወንድሙን በርስት ክርክር አስረትቶ ለባልቴት ፈርዷል፤ እስከ ዛሬም ወንድማማቾቹ አይነጋገሩም አለች። እኔ ምስጋናውን ብቻ እየለቀምኩ፣ ሐሜቱን በቅጠል እየሸፈንኩ ጨረስኩና ወረቀቴን ላጥፍ ስል፣ "አንብብልና!" አሉኝ።

ጉድ ፈላ። ማንበብ ጀመርኩ። ቅጠሉ ጋ ስደርስ በቃሌ እየፈጠርኩ አለፍኩ። ወዲያው ዳልኬ ብድግ ብሎ ጮኸ፦

"በሬው የት ሄደ?"

"የቱ በሬ?"

"እንሰቴን የበላው ነዋ! ጠዋት እዚህ ነበር። አሁን ከወረቀቱ ጠፍቷል!"

"ዳልኬ፣ በመኳንንት ፊት የሚነበብ ነገር እኮ ነው..."

"መኳንንት በሬ አያውቁም?"

በሬው ገባ። ካሣው ገባ፣ ሰርጉ ገባ፣ ወንድምየው ገባ። ባላባቱ አንገታቸውን ደፍተው ሁሉንም ይሰማሉ፤ አልተቆጡም፣ ይህ አልሆነም አላሉም። እኔ ነኝ ስለ እሳቸው የማፍረው። አዲስ አበባዬ ወረቀቱ ላይ በበሬ ስትረገጥ እያየሁ "በቃ፣ አሁን የቀረው አሳባቸው ነው፤ ምክር ቤት ቢገቡ ምን ይናገራሉ?" አልኩ፤ ቢያንስ መጨረሻው እንኳ ቢያምርልኝ ብዬ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "እሱ አሳቡን ለእኛ አይነግርም" አሉ። በዚህ ጊዜ የቶማ እናት ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። ምነው ባልተነሳች!

"አሳቡን እኔ ልንገርህ። ሲመሽ ከእሳት ዳር ሆኖ ሲያጉተመትም የምሰማው እኔ ነኝ" አለች። "ቅቤ ይዘን ሶዶ ገበያ ስንወጣ በከተማው በር ኬላ አለ። ቀረጡን እንከፍላለን፤ እሺ፣ እሱስ የመንግሥት ነው። ከከፈልን በኋላ ግን ዘበኛው 'ቅቤው ደህና መሆኑን ልየው' ይልና ጣቱን ይነክራል። አንድ ጣት ቢሆን ባልከፋ። መዳፉን ነው! የተረፈውን ደግሞ ለጌታዬ ብሎ በቅል ያስቀምጣል።"

"እውነት ነው!" አሉ ሴቶቹ በአንድ አፍ።

"ባሌ ታዲያ ምን ይላል? ሕግ ማለት ጣትን ከሰው ቅቤ ውስጥ ማውጣት ነው ይላል። አሳቡ ይህ ነው። ጻፈው!"

እልልታው ቀለጠ። የኔ ወሽመጥ ግን ብጥስ አለ። ለምን ብትሉ፣ ያ ኬላ የቀኛዝማች ነበር። "ለጌታዬ" የተባሉት ጌታ እሳቸው ናቸው። የቀኛዝማች ፀጉር ከበጋ እስከ ክረምት ሲወዛ አይቼ ስለ ጤናቸው አመሰግን የነበርኩት ሞኝ፣ ቅቤው ከየት እንደሚመጣ ያን ቀን ገባኝ። ይህን ወረቀት ይዤ ፊታቸው ልቆም?

ባላባቱ እግር ላይ ልወድቅ ጥቂት ነው የቀረኝ። "ጌታዬ፣ ይህችን ቃል እንተዋት። እርስዎም ይቀራሉ፣ እኔም እቀራለሁ!"

ቀስ ብለው ተነሱ። "ሚስቴ ቤት ውስጥ ብትናገረው ዝም በይ እላት ነበር። የተናገረችው ግን በዱቡሻ ነው። ዱቡሻ የሰማውን እኔ አልሽርም፤ አንተም አትሽርም። እነሱ ይሰረዝ ካሉ ሰርዘው።"

ወደ ሕዝቡ ዞሬ፣ ሊያለቅስ በደረሰ ድምፅ "ይሰረዝ?" አልኩ።

"አይሰረዝ!" ዳሞታ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ከሁሉም አብልጦ የጮኸው፣ እንሰቱ የተበላበት ዳልኬ ነበር።

ሲሸኙኝ ባላባቱ የበቅሎዬን ልጓም ይዘው "ከፈራህ አታንብበው። እኔ አዲስ አበባ ባልሄድ እንሰቴ አለኝ፤ ከተማዋን የምትፈልጋት አንተ ነህ" አሉኝ። ይህን ያሉት በፍጹም ሳይቀየሙ ነው፤ አንጀቴን የበላው እሱ ነው።

እሑድ መኳንንቱ ከቅዳሴ መልስ በጥላው ሥር ተሰየሙ። መጀመሪያ የበዴሳው እጩ ታሪክ ተነበበ። ጸሐፊው ምን የመሰለ ሰው አድርጎታል! ከመላእክት የሚለየው ክንፍ በማጣቱ ብቻ ነው። የአረካው ደግሞ ክንፍም አልጎደለውም። መኳንንቱ አንዱ ያዛጋል፣ አንዱ ዝንብ ያባርራል። የኔ ተራ ደረሰ። ቀና ብል ከአጥሩ ዳር ማን ቆሟል? ዳልኬ! ከኋላው የቅቤ ሴቶቹ። ዱቡሻ ያለው መነበቡን እንዲሰሙ ተልከው ነው።

ማንበብ ጀመርኩ። በሬው ጋ ስደርስ መኳንንቱ ነቁ። "ፍርዱን በሬው አልሰማም" ስል አንድ ፊታውራሪ ሳቃቸው ትን ብሏቸው ውኃ ተሰጣቸው። "ይህንን ሰው አየሁት! ቤቱ ገብቼ የወጣሁ መሰለኝ!" አሉ። ደስ አለኝ። ከዚያ አሳቡ ጋ ደረስኩ። ዳልኬን አየሁት፣ ሴቶቹን አየኋቸው፤ አዲስ አበባን በሆዴ ተሰናበትኳትና አነበብኩ። "ሕግ ማለት ጣትን ከሰው ቅቤ ውስጥ ማውጣት ነው።"

የቀኛዝማች እጅ ሳያስቡት ወደ ፀጉራቸው ሄደ፤ መሄዱን ሲያውቁ መለሱት።

"ይህንን ነገር እዚሁ አገር ውስጥ እየዞረ ነው የሚናገረው?"

"በቤታቸው ብቻ ነበር ጌታዬ። አሁን ግን ኦፋ በሙሉ ይለዋል።"

አሰቡ። ፂማቸውን አሻሹ። ድንገት ፊታቸው በራ።

"እንግዲያስ ይሂድልን! አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ እዚያ ሄዶ ይናገር!" አሉ። መኳንንቱም ኬላ ያለውም የሌለውም "ይሂድ፣ ይሂድ!" አሉ። ባላባት አንጁሎ በዚህ ዓይነት ተመረጡ። እናቴ ከአጥር ውጭ ሆና እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ተንበርክኬ ጉልበት ልስም ስል ቀኛዝማች በእጃቸው ገቱኝ።

"አንተ ግን ስለ ኬላ ይህን ያህል ካወቅህ፣ ኬላችን ጸሐፊ የለውምና እዚያ ትገባለህ።"

ከባላባቱ ጋር የሄደው አስተርጓሚ የቀኛዝማች የእህት ልጅ ነው። ወላይትኛ አንዲት ቃል አያውቅም። መሪጌታ የመነጽራቸውን ትእዛዝ ከእኔ አንስተው ለእሱ ሰጡ፤ የሞተውም ሰዓት ወደ እሱ ተዛወረ። እናቴ ለመንገድ ያዘጋጀችልኝን በሶ ቤት ቁጭ ብለን በላነው።

ባላባቱ ወደ አዲስ አበባ የሚነሱበት ቀን ከኦፋ ሲመጡ በኬላችን በኩል ነበር የሚያልፉት። ባላባቱ በበቅሎ፣ የቶማ እናት ለስንቁ የሚሆን ቅቤ በቅል ይዛ በእግሯ፣ ከኋላቸው ዳልኬና ግማሽ ኦፋ። ዘበኛው እንደ ልማዱ "ደህና መሆኑን ልየው" ብሎ እጁን ወደ ቅሉ ዘረጋ።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንንም አዝዤ አላውቅም። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ "እጅህን!" ብዬ ጮህኩ። ዘበኛው እጁን በአየር ላይ እንዳለች አቆማት። ጸሐፊ ሲጮህ ሰምቶ አያውቅም ነበርና ወደ ኪሱ ከተታት።

ባላባት አንጁሎ ከበቅሏቸው ሆነው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ጥርሳቸውን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። "እኔ ገና መንገድ መጀመሬ ነው፤ ሕጉ ቀድሞኝ ደረሰ" አሉ።

የቶማ እናት አልሳቀችም። ቅሉን ከፈተች፣ በገዛ እጇ አንድ እፍኝ ቅቤ ዛቀችና ከአናቴ ላይ አኖረችው። በዚያ አገር የሚያከብሩትን ሰው እንዲህ ነው የሚያደርጉት። አንድም ቃል ሳትናገር ጉዞዋን ቀጠለች። እነሱ በገበያው በኩል ወደ ሰሜኑ መንገድ ሲወጡ፣ ያ አስተርጓሚ ተብዬም በሌላ በቅሎ ተቀላቀላቸው። ከዓይኔ እስኪጠፉ ድረስ ቆሜ አየኋቸው። ፀሐይዋ በረታች፤ ቅቤው እየቀለጠ በግንባሬ፣ በጉንጬ ወረደ።

"ምነው፣ ታለቅሳለህ እንዴ?" አለኝ ዘበኛው።

"ቅቤ ነው" አልኩት።